ከሜዳ ውጪ

ሰው ወደ ሰው አገር ሄዶ፣ የአገሩን ውኃ ጠጥቶ፣ በዛፉ ጥላ አርፎ፣ ሲያበቃ ባለአገሩ እንዲሸነፍ ድምፁ እስኪዘጋ መጮኽ ይገባዋል ወይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የቀልድ ነው። በየሳምንቱ ስንቱ ሰው ይኼንኑ ያደርጋል፤ ጥሩምባ ይዞ፣ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ብሎ የሚጨነቅበት ግን የለም። እኔም አልተጨነቅሁበትም ነበር፤ ከአምስት ጓደኞቼ ጋር ከአዳማ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄደን ጨዋታ እስካየንበት ቀን ድረስ። ክፍል ውስጥ ስለ ግዴታ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስንማር ያልያዘኝ ሐሳብ አንድ ጭፈራ ሰምቼ ያዘኝ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጎልና ስለ ዳኛ የምታነብ መስሎህ ከሆነ ገጹን ማለፍ ትችላለህ፤ ውጤቱን እንኳ አልነግርህም። የክለባችንንም ስም አልጠራም፤ ብጠራው ግማሹ አንባቢ እዚሁ ላይ ንባቡን ያቆማል፣ ግማሹ ደግሞ የምለውን ሁሉ ሳይመረምር ይቀበለኛል። ሁለቱም አይጠቅሙኝም።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። የሬዲዮ ጋዜጠኞቻችን አንዱን ቡድን «ባለሜዳ»፣ ሌላውን «እንግዳው ቡድን» ይላሉ። በኛ ቤት «እንግዳ» እንዲህ በቀላሉ የሚወረወር ቃል አይደለም። ድሮ መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል፣ ባለቤቱ የማን ልጅ ነህ ሳይል እግሩን ያሳጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል፤ መደቡን ይለቅለታል። እንግዳውም በፈንታው ዕዳ አለበት። ጓዳ አያይም፤ ወጡ ጨው አነሰው አይልም፤ ባልና ሚስት ቢጨቃጨቁ ከአንዱ ወግኖ አይናገርም፤ ጧት ሲነሣ መርቆ ይሄዳል። አሁን ይኼን ሰው በዓይነ ኅሊናህ አስቀምጥና ከጎኑ የእግር ኳሱን እንግዳ አቁመው። ይኼኛው ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ ከበሮ ይመታል። «የመጣሁት ላሸንፋችሁና ላሳዝናችሁ ነው» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ትኬት ሸጦ፣ ቦታ ለይቶ ያስገባዋል! በምን ሒሳብ ነው ሁለቱ ባንድ ስም የሚጠሩት?

ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላቂ ሰላም ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የእንግዳን ነገር አንሥቶታል። ፍሬ ነገሩ፦ ወደ ሌላው ምድር የደረሰ ሰው፣ በሰላም እስከ ተቀመጠ ድረስ፣ በጠላትነት ያለመታየት መብት አለው የሚል ነው። ችሮታ አይደለም፣ መብት ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ተበታትነን ወደ ማያልቅ ርቀት መሸሽ አንችልም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ አንዱ የአንዱን ጎረቤትነት መቻል አለበት። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ችግሩ ካንት ዕድሜውን ሁሉ ከኬኒግስበርግ አካባቢ ሳይርቅ የጨረሰ ሰው መሆኑ ነው፤ ከሜዳው ውጪ ተጫውቶ አያውቅም። ለዚህም ይመስለኛል በሰላም የሚቀመጠውን እንግዳ እንጂ በሰላም የሚጮኸውን እንግዳ ያላሰበው።

በበኩሌ ነገሩን እንዲህ ነው የማየው። ባለሜዳው ለእንግዳው ከውኃና ከወንበር ሌላ አንድ የሚያበድረው ነገር አለ፤ እሱም ለ90 ደቂቃ ባላጋራ የመሆን ፈቃድ ነው። ብድር ነው እንግዲህ፤ ፊሽካው ሲነፋ ይመለሳል። እንግዳውም ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ባለሜዳው ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ይዞለት ይመጣል፤ ጨዋታ። ተጋጣሚ የሌለው ቡድን ልምምድ እንጂ ጨዋታ የለውም። እንዲሸነፍ የምመኘው ሰው ጭራሽ እንዳይመጣ ብመኝ የራሴን እሑድ አጠፋሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «አዎን፣ ይገባዋል» ነው። የሚከብደው ጥያቄ ብድሩ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ነው። ለሱ ደግሞ ወደ ባቡሩ መግባት አለብን።

በአውቶቡስ መሄድ ስንችል ባቡሩን የመረጥነው ስድስታችንም ፊት ለፊት ተያይተን መቀመጥ ስለፈለግን ነው። መስመሩ ደግሞ ለእግር ኳስ እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ከተማዋን ወለዳት፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱን ተከትለው ፋብሪካዎች መጡ፣ ፋብሪካዎቹን ተከትለው ቡድኖች። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነበር። ከአዳማ ሥር ወንጂ፣ ወረድ ብሎ መተሐራ የስኳር ሠራተኞች ቡድን ነበራቸው። በዚያ ዘመን ባቡሩ በየጣቢያው እየቆመ፣ ሻጩ በመስኮት እያቀበለ፣ መንገደኛው በየከተማው የዐሥር ደቂቃ እንግዳ እየሆነ ነበር የሚጓዘው ይላሉ ያዩት። አዋሽ ላይ ወርዶ ቡፌ ደ ላ ጋር መብላትም የጉዞው ወግ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ጣቢያዎቹ ግን ከየከተማው ዳር ሜዳ ላይ ናቸው፣ በመስኮትም የሚቀበሉት ነገር የለም። ከተማን ሳይነኩ ማለፍ ይቻላል ማለት ነው። ይኼ ለሥልጣኔ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለእንግድነት ግን አልመሰለኝም። ከሻጭዋ ጋር በሙዝ ዋጋ ሁለት ደቂቃ የተከራከርክባትን ከተማ በዘፈን መስደብ ይከብዳል፤ በመስታወት ውስጥ ብቻ ያየሃትን ግን ይቀላል።

ከአዳማ ረፋዱ ላይ ስንሳፈር ፉርጎው ግማሽ ሞልቶ ነበር የደረሰን። ከአዲስ አበባ የተነሡ የተጋጣሚያችን ደጋፊዎች ናቸው፤ ዐሥር አሥራ አምስት ይሆናሉ። ማሊያችንን ሲያዩ አጨበጨቡልን፤ የማጨብጨቡ ዓይነት እንኳ የደግ አልነበረም። ብሽሽቁ እዚያው ተጀመረ። ባለፈው ዓመት የገባብንን ጎል ቁጥር በጣታቸው አሳዩን። የኛ ረጅሙ ልጅ (ሕግ የሚማረው፣ የቡድናችን አስጨፋሪ) የነሱ በረኛ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን እንደሚጨፍን በዜማ ነገራቸው። እነሱም ወንበር እየደበደቡ አሰልጣኛችንን በግጥም ቀበሩት። ወለንጪቲን እስክናልፍ ሆዴ እስኪቆስል ስቄያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከነሱ መሀል አንዱ ቀጭን ልጅ የገጠመው ግጥም ከኛ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ረጅሙም ቅር እያለው ተቀብሎታል። ከመሀከላችን መንገደኞቹ ሳይቀሩ ተካፋይ ሆኑ፤ ድሬ ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ አንዲት እናት «የማነኛችሁ ወገን ልሁን ልጆቼ?» እያሉ ለሁለቱም ያጨበጭቡ ነበር።

መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ በመስኮቱ ሞላ። ስለዚህ ሐይቅ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ትንሽ ኩሬ ነገር ነበር፤ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የግጦሹን መሬት ዋጠ፣ የመኪናውንም መንገድ የባቡሩንም ሐዲድ ከፍ እንዲያደርጉለት አስገደደ። የማይሄድ እንግዳ ማለት እሱ ነው። የዚያው ከተማ ተወላጅ የሆነው ጓደኛችን (የመተሐራው ልጅ እያልን ነው የምንጠራው) ወደ ውጭ እያመለከተ ከረዩዎች ከብት የሚያሰማሩት እስከ የት ድረስ እንደነበር አሳየን። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከወንጂ ቀጥሎ ወደ መተሐራ መጥቶ ሸንኮራ ተከለ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ፤ ከዚያ ሐይቁ መጣ። አርብቶ አደሩ በገዛ ቀዬው ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። «እኛ አገር ባለሜዳው ማን እንደሆነ ጠፍቶብናል» አለ እየሳቀ። ሳቁን ልብ ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱም ከሩብ ሰዓት በኋላ የሆነው ነገር ካለዚህ ንግግሩ አይገባም።

የሆነው ይህ ነው። የነሱ ቀጭን ልጅ አንዲት ጥሩ ግጥም ጣለ፤ ፉርጎው ሁሉ ሳቀ፤ ረጅሙ መልስ አጣ። መልስ ያጣ ሰው እጁ የገባውን ነው የሚወረውረው። ረጅሙም ስለ ኳስ መሆኑን ተወውና ስለመጡበት አገር፣ ስለ ቋንቋቸው፣ ስለ ትውልዳቸው የሚል አንድ ሐረግ አወጣ። እዚህ አልጽፈውም። ዜማው የታወቀ፣ ለመቀበል የሚመች ስለነበር ሁለቱ ጓደኞቻችን ተቀበሉት። እኔና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ ጓደኛችን «ኧረ ተዉ፣ ይኼ አይባልም» አልን፤ ግን ሦስት ሰው ሲዘፍን የሁለት ሰው ንግግር ምን ይሰማል? ከወዲያኛው በኩል ሳቁ ጠፋ። አንዳንዶቹ ተነሡ። ከነሱም አንዱ በኛ ላይ የዚያኑ ዓይነት መለሰ። እንግዲህ አየኸው፤ ስድቡ ልክ እንደ ኳስ ተመላልሶ ነበር፣ ጨዋታ ግን አልነበረም።

በዚህን ጊዜ የመተሐራው ልጅ ተነሣ። አልተናገረም፣ አልተቆጣም። የክለባችንን ስካርፍ ከአንገቱ ሳያወልቅ መተላለፊያውን ተሻግሮ ሄደና ከነሱ መሀል፣ ከእናትየዋ አጠገብ ክፍት በነበረው ወንበር ተቀመጠ። እሳቸው ብርቱካን ልጠው ሰጡት። ቀጭኑ ልጅ ካንዴም ሁለቴ አየውና ቦታ ለቀቀለት። ጭፈራው በሁለቱም በኩል ሞተ። ረጅሙ ጮኾ «ከሃዲ!» አለው። እስከ ድሬዳዋ ድረስ ሌላ ቃል ያወጣ ያለ አይመስለኝም።

ማደሪያችን ገብተን ያ ሌሊት በክርክር ነው ያለቀው። የረጅሙን ሙግት ሳላሳንስ ላቅርበው፤ ጠንካራ ሙግት ነው። እንዲህ አለ፦ «እግር ኳስ ያለ ስድብ ወጥ ያለ በርበሬ ነው። ይኼ ሕዝብ ደግሞ ስድብን እንደ ጥበብ የያዘ ሕዝብ ነው። አያቶቻችን ሲፎክሩ ባላጋራቸውን እያመሰገኑ ነበር እንዴ? አዝማሪ ቤት ገብተህ ራሰ በራውን፣ ሆዳሙን፣ ቆንቋናውን በግጥም ሲያብጠለጥሉት እሱ ራሱ ስቆ ብር አይሸልምም? አንዱን ስድብ ቅመም ነው፣ ሌላውን መርዝ ነው የምትሉኝ በምን ሚዛን መዝናችሁ ነው? ደጋፊ ማለት ደግሞ ከወገኑ ጋር አብሮ የሚጮኽ ነው። ጓደኛህ ሲሳሳት በኋላ ለብቻው ትነግረዋለህ፤ በጠላት ፊት ጥለኸው አትሄድም።»

ሁለት ነጥብ ነው እንግዲህ፤ አንዱ ስለ ሚዛኑ፣ ሌላው ስለ ታማኝነት።

ሚዛኑን ያገኘሁት እሱ ራሱ ከጠቀሰው አዝማሪ ቤት ነው። እዚያ የተነካ ሰው ምን ያደርጋል? «ተቀበል!» ይላል። የራሱን ግጥም ሰጥቶ በዚያው ማሲንቆ፣ በዚያው ዜማ ያስመልሳል። ቤቱ የተነካው ሰው ተራ እንዲያገኝ ሆኖ የተሠራ ነው። እግር ኳስም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ 3 ለ 0 ብለህ ብትስቅብኝ የመልስ ጨዋታ አለ፤ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ 1 ለ 0 ብዬ እመጣብሃለሁ። በረኛህ ዓይኑን ይጨፍናል ብልህ ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ አፌን ያስይዘኛል። ብሽሽቅ ማለት ይኼ ነው፤ ሲናገሩህ የምትመልስበትን በር አብረው ይከፍቱልሃል። በትውልድህ ስሰድብህ ግን የት ሄደህ ትመልሰዋለህ? ምን ጎል አግብተህ ነው የተወለድክበትን አገር የምትለውጠው? አንተም የኔን ትውልድ ብትሰድብ መለስክ ማለት አይደለም፤ ሁለታችንም መልስ የሌለው ነገር ተናገርን ማለት ነው። የመልስ ጨዋታ የሌለው ስድብ ከሜዳ ውጪ ነው። ተጋጣሚያችን ያበደረን ባላጋራነት እዚያ ድረስ አይደርስም፤ በቡድኑ ላይ እንጂ በእናቱ ቋንቋ ላይ ፈቃድ አልሰጠንም።

ይኼን ስል ረጅሙ «አጋነንከው፣ ዘፈን ሰው አይገድልም» አለኝ። አይገድልም፤ ገዳዩ መንገዱን ግን ያስይዘዋል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ ወልዲያ ከተማና መቀሌ ከተማ ሊጫወቱ በተቀጠሩበት ቀን በደጋፊዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ኳስ ሳይነካ ማለት ነው፤ የተጣሉበት ጎል አልነበረም፣ ዳኛም አላዳላም። ከዚያ ወዲያ የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች ሲገናኙ ወደ ገለልተኛ ሜዳ እስከ መውሰድ ተደረሰ። በጥር 2004 ዓ.ም. ፖርት ሳይድ ላይ ባለሜዳው አል ማስሪ አል አህሊን 3 ለ 1 አሸንፎ ሳለ ሰዎች ሜዳ ጥሰው ገብተው በእንግዶቹ ላይ ዘመቱ፤ 74 ሰው አለቀ። የዚያን ቀን ፖለቲካ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ እኔን የገረመኝ ያሸነፈው ወገን መሆኑ ነው። ማሸነፍ እንኳ ያላጠገበው ጥላቻ መቼም ለጨዋታው ብሎ የመጣ አይደለም።

«ገለልተኛ ሜዳ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳዝነኛል። የደኅንነት ኮሚቴ ቃል ነው። ባለሜዳ መሆንም እንግዳ መሆንም አልቻልንምና ማናችንም ቤት አንገናኝ ማለት ነው። ዋስትና እንኳ አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም የሊቨርፑልና የጁቬንቱስ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ነበር፣ 39 ሰው ሞቷል። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ ምክንያት፣ በወረርሽኙና በቴሌቪዥን ሥርጭቱ ምክንያት፣ ክለቦቹን በሙሉ ባንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ፤ አንድ ሰሞን ጅማ፣ አንድ ሰሞን ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ በኋላም አዳማ። በዚህ አሠራር ከአንዱ ከተማ ልጆች በቀር ሁሉም እንግዳ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንማ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካን መለኪያ ስላላሟሉ «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ ግን ባለሜዳ ተብለን የእንግዳ መልበሻ ክፍል ስንገባ ማላዊዎች ምን እንዳሉን እስኪ አስበው። ምንም አላሉንም። አስገቡን።

ድሬ ላይም እንዲሁ ሆነ። እኛም ተጋጣሚያችንም የሰው ከተማ ውስጥ ነን። ያን ቀን ማታ ከዚራ አካባቢ እራት ፍለጋ ስንዞር የገባንበት ቤት እነዚያኑ የባቡር ሰዎች አገኘን። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ባለቤቱ ወንበር ሲያጣ ጠረጴዛችንን ከነሱ ጠረጴዛ ጋር ገጠመው። ሁለታችንም ወገን ተኮሳትረን ስንቀመጥ አየንና «አቦ እናንተ ልጆች፣ አገራችሁን ጥላችሁ መጥታችሁ እኛ ቤት ነው እንዴ የምትኮራረፉት? ብሉ እንጂ!» አለን። ከየት እንደመጣን አልጠየቀም። ያ ሰውዬ ያደረገውን ሳስበው የጨዋታው እውነተኛ ባለሜዳ እሱ ነበር ልበል? የማናችንንም ክለብ ሳይደግፍ ለሁለታችንም የምንጣላበትን ቤት ከፈተልን፤ የምንጣላበትንም ልክ ነገረን። ረጅሙና ቀጭኑ ልጅ አልታረቁም፤ ጨው ግን ተቀባብለዋል።

ወደ ታማኝነቱ ልምጣ። አሜሪካዊው ጆሳያ ሮይስ በ1908 እ.ኤ.አ. ስለ ታማኝነት አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ታማኝነትን ትልቁ ግብረ ገብ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሌባም ለሌባ ታማኝ ነውና አንድ ማጣሪያ ይጨምርበታል፦ እውነተኛ ታማኝ የሌላውንም ሰው ታማኝነት ያከብራል። ይኼን ወደኛ ፉርጎ ስናመጣው፣ ያ ቀጭን ልጅ ክለቡን የሚወደው እኔ የኔን እንደምወደው ነው፤ የተነሣው በዚያው ሌሊት ነው፣ ከኪሱ የከፈለው ያንኑ ያህል ነው። ከፉርጎው ሰው ሁሉ እኔን የሚመስለኝ እሱ ነው። ክለቡን ልሳለቅበት፤ ፍቅሩን ያውቅበታልና ይመልስልኛል። ማንነቱን ስነካበት ግን የራሴኑ ዓይነት ሰው ነው የምረግጠው።

ደግሞስ በትውልድ እንቁጠር ካልን ማን ይተርፋል? በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ወንድሙ ኢታሎም በዚያው ጨዋታ ጎል አግብቷል። የረጅሙን ሐረግ የሚቀበል ጭፍራ ያን ቀን ስታዲየም ቢኖር ኖሮ ዋንጫውን ለማን ይሰጠው ነበር?

እንግዲህ የመተሐራው ልጅ ከሃዲ ነው? ስካርፉን አላወለቀም። በማግሥቱ ሜዳ ላይ ከሁላችን በላይ የጮኸው እሱ ነው፤ ድምፁ ተዘግቶ ሁለት ቀን በጥቅሻ ነበር የሚያወራን። የተወው ክለቡን ቢሆን ኖሮ ስታዲየም ምን ያደርጋል? እኔ እንደማየው ከክለቡ የወጡት ዘፈኑን የተቀበሉት ናቸው፤ ለዚያች ሐረግ ክለባችን ምክንያት እንጂ ጉዳይ አልነበረም። ማሊያውን አውልቀው ሌላ ለብሰው ሊዘፍኗት ይችሉ ነበር። የመዋጮውንም ነገር አንሥተው ነበር፤ ከጋራ ገንዘብ በተገዛ ትኬት ሄዶ ከባላጋራ ጋር ተቀመጠ የሚል። ትኬቱ ድሬዳዋ እንዲያደርሰው ነው የተገዛው፣ አድርሶታል። ኅሊና በመዋጮ አይገዛም ብዬ አልከራከርም፤ ነገሩ እዚያ ድረስ አይወስድም።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ ግን ከሌላ በኩል መጣች፤ እሷ ያነሣችው ነው ዛሬም የሚከራከረኝ። «እናንተ ጀግና አደረጋችሁት፤ እኔ ግን ቅር ብሎኛል» አለች። «ዝም ብሎ መሄድ ለሚሄደው ይቀለዋል። እጁን ይታጠባል። አንተና እኔ ቀርተን 'ተዉ' ስንል ከኛ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ቢናገር ሦስት ለሦስት እንሆን ነበር። ከወዲያ ማዶ ተቀምጦ ብርቱካን ከመብላት ወዲህ ሆኖ መሟገት አይሻልም?» ሒሳቧ ትክክል ነው። ብዙ ክፉ ዘፈን የሚዘፈነው ጥሩዎቹ ሰዎች ወንበር ቀይረው ስለሚሄዱ ነው፤ ይኼን በኮሌጅ ክበቦቻችንም እናየዋለን። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኳትም። የእኛ «ተዉ» ከወገን ለወገን የተባለ ነበር፤ ለተሰደቡት ሰዎች አልደረሳቸውም። እነሱ ያዩት ያንን ስካርፍ ነው፤ ያቺን ቀለም ያደረገ ሰው ከመሀከላቸው ሲቀመጥ። ያ ለኛ ሳይሆን ለነሱ የተባለ ነገር ነው፤ ቃል ቢጨመርበት የሚበላሽ ይመስለኛል። ግን እዚህ ላይ ከሷ ጋር አልጨረስንም፤ ሁለቱም መደረግ ነበረበት፣ አንድ ሰው ደግሞ ባንድ ጊዜ ሁለት ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ልጁን ራሱን ጠይቄው ነበር፤ ስንመለስ፣ ሐይቁን ዳግመኛ ስናልፍ። ምን አስበህ ነው የተነሣኸው አልኩት። «ምንም አላሰብኩም፤ አገሬን እያለፍን ነበር፣ ሰው ቤት ውስጥ ሰው ሲሰደብ ደስ አይልም» አለኝ። የሱ ሐሳብ እንግዲህ ያ ፉርጎ ለዚያች ሩብ ሰዓት የመተሐራ ቤት ነበር፤ እኛም እነሱም የሱ እንግዶች ነበርን። እኔ ይኼን ሁሉ ገጽ ፈጅቼ የዞርኩትን እሱ በባለቤትነት ዐይቶታል። ባለሜዳው ማን እንደሆነ ጠፍቶብናል ያለውም እሱ ራሱ ነበር።

የሚቀጥለው ጉዟችን ወደ ሐዋሳ ነው፤ እዚያ ባቡር አይደርስም፣ በሞጆ በኩል በአውቶቡስ እንሄዳለን። ስማችን ተጽፏል፣ የስድስታችንም። ረጅሙ ልጅ ይህን ጽሑፍ ሳይታተም አንብቦታል፤ ሙግቱን አዛብተህብኛል፣ በተለይ የአዝማሪውን ነገር፣ ብሎ በሚቀጥለው ዕትም መልስ እጽፋለሁ ብሏል። አዘጋጆቹ ቦታ እንዲይዙለት ነግሬያቸዋለሁ።